ለስላሳ አፈር

«የፍግ ጉድጓዱ ከዋንዛው ሥር ነው የሚቆፈረው። እዚያ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያደክምም።»

ይህን ያለው የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነው፤ ያለውም ስኳር እየመዘነ፣ ከጎኑ የጆንያ አፍ ለሚፈታው ባልደረባው ነበር። ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። ተራዋ ደርሶ መስኮቱን የተደገፈችው ሙሉእመቤት ሰማች፣ ከኋላዋ ያለችው ጎረቤቷ ወርቂቱ ሰማች፣ ከወርቂቱ ኋላ በሰኔ ካፊያ ዣንጥላና ኬሻ ተከናንበው የተሰለፉት ሴቶችም ሰሙ። ሁሉም ሚዛኑን ማየት ጀመሩ። በዚያ ጠዋት በጂማ ከተማ እንደዚያ በጥንቃቄ የታየ ሚዛን አልነበረም። ሻጩ የተጠረጠረ መስሎት አንዲት ግራም እንዳላጎደለ ለማስረዳት ሞከረ።

ነገሩ የአበባ ጉዳይ ነው። ባለፈው ወር ስብሰባ፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር ያለው የመንግሥት ሜዳ፣ ከብት የሚውልበትና ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልሉበት ቦታ፣ የአብዮቱ ሰማዕታት መታሰቢያ አትክልት እንዲሆን ተጨብጭቦ ተወስኗል። እያንዳንዱ ቤት አንድ መደብ ይወስዳል፣ አበባ ይተክላል፣ በየተራው ያርማል፤ እድሩ ዶማና አካፋውን ያውሳል። አበባ የሚጠላ የለምና የተቃወመ አልነበረም። መቃወም ያማረው ቢኖርም እንኳ በዚያን ዘመን በስብሰባ ላይ እጅ የሚወጣው ለመስማማት ብቻ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ዶማውን ይዞ ሜዳው ላይ ይሰበሰባል፤ ችካል ይተከላል፣ መደብ ለየቤቱ ይታደላል፣ የፍጉ ጉድጓድም እዚያው ይጀመራል።

ከዋንዛው ሥር አፈሩ ለምን እንደለሰለሰ ከሰልፈኛው የማያውቅ አልነበረም። የአዌቱ ዳር መሬት በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ሙጫ ነው፤ የዶማ እጀታ ይሰብራል። እዚያ የለሰለሰው አንድ ጊዜ በሰው እጅ ስለተገለበጠ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሦስት የሰፈሩ ልጆች ባንድ ጉድጓድ ተጥለው አፈር ተመለሰባቸው። የሁለቱ ቤተሰቦች ከተማውን ለቀው ሄደዋል። ሦስተኛው ዘርሁን ነው፤ የሙሉእመቤት አንድ ልጇ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። አልተለቀሰለትም፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። የእድሩ ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ስሙንም ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የጠራው የለም። ድሮ «የዘርሁን እናት» ይሏት የነበሩት ጎረቤቶች ቀስ በቀስ «ሙሉ» ማለት ጀመሩ። እንዴት እንደተስማሙበት እንጃ፤ ለዚህ እንኳ ስብሰባ አልተጠራም።

ሙሉእመቤት ስኳሯን ተቀብላ ከሰልፉ ወጣች። ወርቂቱ ተራዋን ጥላ ተከተለቻት።

«ማሎ ሙሉ፣ ሳሙናውን ተውሽው እኮ!»

«ይቅር።»

ሳሙና ወደ ቀበሌው ሱቅ የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ውጭ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ሳሙና ይቅር ያለች ሴት ምን ላይ እንዳለች ወርቂቱ ገባት። ክንዷን ያዘቻትና ወዲያ ወዲህ አየች። «ዝም በይ፣ እሺ? ሆድሽ ይቻለው። ባይሆን ለኦቦ ጀቤሳ ንገሪያቸው» አለቻት፤ ሮጣም ወደ ተራዋ ተመለሰች። ተራዋ ግን ተወስዶ ነበር።

ኦቦ ጀቤሳ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ድሮ አጋሮ ላይ የቡና መፈልፈያ ነበራቸው፤ ተወረሰ። አሁን ከቤታቸው በረንዳ ላይ የተቀደደ ልብስና ጆንያ በስፌት መኪና ይሰፋሉ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ከአጋሮ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ ወንጀል በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ቡና በመኪና ያስጭኑ የነበሩት ሰው ገለባውን አፍልተው ይጠጣሉ። ስኒው ከመስፊያው አጠገብ ነበር። ሙሉእመቤት መንገዱን ሁሉ በጨዋነት የምትጀምርበትን ቃል ስታሰናዳ ነው የመጣችው።

«አካም ቡልቴ፣ ሙሉ? ግቢ፣ ዝናቡ መታሽ።»

«ኦቦ ጀቤሳ፣ ያልቀበራችሁልኝን ልጅ ልታወጡት ነው?»

መስፊያው ቆመ። ኦቦ ጀቤሳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ክር በተነሰነሰበት ጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ምን ይበሉ? ሙሉእመቤት የእድር ወርሃዊዋን አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ባሏ የሞተ ጊዜ እድሩ ቆፍሯል፣ አብስሏል፣ ድንኳን ሥር አብሯት ሰንብቷል። በዚያ እድር ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም አንድ ደንብ አለ፤ ቤተሰብ አይቆፍርም። የሞተበት ሰው ምንም ድሃ ቢሆን፣ ምንም ጉልበተኛ ቢሆን፣ ዶማ ቢያነሳ ከእጁ ይወሰድበታል፤ የእሱ ሥራ ተቀምጦ ማልቀስ ነው፤ መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት ነው። ሙሉእመቤት ይህን ደንብ ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች፤ ስንቱን ሴት ከእጇ እንስራ ተቀብላ አስቀምጣለች። ለዘርሁን ግን የቆፈረው እድሩ አልነበረም፣ እሷም ተቀምጣ አላለቀሰችም።

«ምን ብዬ ልናገርልሽ?» አሉ ኦቦ ጀቤሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጇ እዚያ አለ ብል፣ በምን አወቀች ይሉኛል። አንቺንስ ማን ነገረሽ ቢሉሽ ምን ልትይ ነው?»

ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩ በጭምጭምታ ነው የሚያውቀው፤ ለእሷ ቦታውን ለይቶ የነገራት ግን ኤርሲዶ ነበር። ኤርሲዶ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ በሂርማታ ገበያ እህል የሚሸጥ የሰፈሩ ሰው ነው። ያን ጊዜ በጴንጤነቱ ታስሮ ነበር፤ አንድ ማለዳ እስረኞች ሲወጡ እሱም ጉድጓድ እንዲቆፍር ዶማ ተሰጥቶት ወጣ። የተፈታ ሰሞን በቆሎ የሚሸጥ መስሎ ደጇ መጣ። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «ከዋንዛው በስተምሥራቅ፣ ሥሩ ከመሬት ወጣ ያለበት ጋ ነው። መሃል ያለው እሱ ነው። ፊቱ ላይ አፈር እንዳያርፍ በሸሚዙ ሸፍኜዋለሁ» አላት። በቆሎውን ገለበጠላትና ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ሙሉእመቤት ያን በቆሎ አልበላችውም፤ እስኪነቅዝ ድረስ በቅርጫት አስቀምጣው ነበር። አሁን አፏን ብትከፍት ኤርሲዶ ወደወጣበት እስር ቤት ይመለሳል፤ እሱም ልጆች አሉት።

«እንግዲያው ቆፍሩት» ብላ ወጣች። ኦቦ ጀቤሳ ከኋላዋ ስሟን ጠሯት። አልዞረችም።

የቀራት ወንድሟ ነው። ሽበሺ በመንግሥት የቡና ችግኝ ጣቢያ መስመር ለኪ ነው፤ ገመድ ዘርግቶ፣ ችካል ተክሎ ችግኝ የሚገባበትን ያሳያል። ለዚህ ሙያው በቀበሌው የልማት ኮሚቴ ገብቷል፣ የአትክልቱን ቦታ ፕላን የሳለውም እሱ ነው። እህትና ወንድም አባታቸው በተወላቸው አንድ ግቢ፣ በሁለት በር፣ ባንድ ማድ ቤትና ባንድ ቧንቧ ይኖራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት «ውሃ መጣ»፣ «በሩን ዝጋው»፣ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብቻ ነው። የዘርሁን ወሬ የደረሰ ጠዋት ሙሉእመቤት ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሽበሺ ዘሎ መዳፉን አፏ ላይ ጫነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ በአጥሩ ሥር አልፈው እስኪርቁ አልለቀቃትም። ምናልባት አድኗት ይሆናል። በዚያ ሰሞን ለልጃቸው የጮሁ እናቶች ምን እንደደረሰባቸው ይታወቃል፣ እኔም ሽበሺን በዚህ አልፈርድበትም። ሙሉእመቤት ግን ፈርዳበታለች። ጩኸቱ ተመልሶ ወደ ሆዷ ገባ፤ እዚያው አለ፤ ባየችው ቁጥር የመዳፉ ላብ ከንፈሯ ላይ ይመጣባታል።

ዛሬ ሳታንኳኳ ገባች። ሽበሺ ምሳ ላይ ነበር። ጠረጴዛው አበባ ያለበት ፕላስቲክ ለብሷል፤ ሬዲዮው ስለ ምርት ዘመቻ ያወራል፤ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ገመድና አዲስ የተጠረቡ ችካሎች ተቀምጠዋል። ችካሎቹ ጫፋቸው በቀይ ቀለም ተነክሯል። ሚስቱ ትርፌ እሷን ስታይ ብድግ ብላ በርጩማ አቀረበች፤ ወዲያው ለራሷ ሥራ ፈጥራ ወደ ማድ ቤት ወጣች። ሽበሺ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። ሬዲዮውን መዝጋት ፈልጎ ነበር፣ ግን ዝምታውን ፈራውና ተወው።

«ዋንዛው ሥር ነው አሉ» አለች።

«እኔ ወንዙ ዳር ነበር ያደረግሁት። ዋንዛው ሥር ወንበር ነበር የሳልኩት፣ ሰው እንዲቀመጥበት፣ ማንም እንዳይቆፍረው። ከከፍተኛው የመጡት ጓድ ዓለምብርሃን ቀየሩት። ወንዙ ዳር ከመንገድ ይታያል፣ ፍግ ለእንግዳ አይታይ አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል፣ እቴቴ?»

እቴቴ። ከሦስት ዓመት በኋላ አመለጠው፤ ሁለቱም ደነገጡ። ሬዲዮው ስንት ኩንታል እንደታቀደ፣ ስንት እንደተገኘ ይናገራል። ሙሉእመቤት በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። ወንድሟ መሸበቱን ያየችው ገና ዛሬ ነው፤ ልታዝንለት ስትል ተናደደች።

«ዶማችን የት ነው?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ሁሉም ይዞ ይውጣ ተብሎ የለ? እወጣለሁ። ሌላ ሰው አጥንቱን በዶማ ከሚመታው እኔው በእጄ ላውጣው።»

ሽበሺ ከወንበሩ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ። ዶማው ከበሩ ኋላ ነበር። ራሷ አገኘችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ካፊያው አባርቷል፤ ሣሩ እርጥብ ነው። ጓድ ዓለምብርሃን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣበትን መኪና አስፋልቱ ላይ አቁሞ፣ የካኪ ሱሪውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ወረደ። ወጣት ነው። ወደ ጂማ የተዛወረው አምና ነው፤ ስለ ዋንዛው የነገረው የለም፣ የሚነግረውም አልነበረም። ክፉ ሰው ነው ብዬ ላወራበት አልፈልግም፤ አበባ ይወዳል፣ ዳሊያና ጽጌረዳ በየት በኩል እንደሚተከል ሲናገር ዓይኑ ይበራል። ስለ ሰማዕታት ተናገረ፣ ስለ ጦር ግንባሩ ተናገረ፣ መታሰቢያውን ሕዝቡ በገዛ እጁ ሊንከባከበው በመሆኑ ከተማው ሁሉ ምሳሌ እንደሚያደርገው ተናገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሽበሺ ገመዱን ዘረጋ፣ ችካሉን ተከለ፤ መደቦቹ ከመንገዱ ጀምረው ለየቤቱ ተሰጡ። ለሙሉእመቤት ከወርቂቱ ጎን አንድ መደብ ደረሳት። ቀና ብላ አላየችውም፤ ዓይኗ ከዋንዛው አልተነቀለም። ገመዱም ቀስ እያለ ወደዚያው ይጠጋ ነበር።

ዋንዛው ጋ ሲደርሱ ሽበሺ የመጨረሻውን ችካል ይዞ ቆመ። ከምሳ ጀምሮ ያላመነዥከው ቃል አልነበረም።

«ጓድ፣ እዚህ የዛፉ ሥር ያስቸግራል። ክረምት ላይም ውሃ ይቋጥራል። ወንዙ ዳር ቢሆን…»

«ጓድ ሽበሺ፣ ይህ በኮሚቴ ያለቀ ጉዳይ ነው። አፈሩ ለስላሳ ነው ተብሏል። ይተከል።»

የሽበሺ ድፍረት አንድ አረፍተ ነገር ነበረች፤ አለቀች። ችካሉን አስገባው። በሌላው ቦታ እያንዳንዱ ችካል በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ነው የዋለው፤ ይህኛው በእጅ ግፊት ብቻ ሰጠመ። አንዲት አሮጊት ማተባቸውን ያዙ።

ሙሉእመቤት ሰዉን ከፍላ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች፣ ዶማውን በሁለት እጇ ይዛለች። ሥሩ ከመሬት ወጣ ያለበት ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልጇን በዶማ ልታወጣው ነው፤ ሸሚዙን ታውቀዋለች፣ ራሷ ነበረች የገዛችለት። ጓድ ዓለምብርሃን ደስ አለው። «ይኸው! እናቶቻችን ሲቀድሙ እዩ!» ብሎ አጨበጨበ። ሌላ ያጨበጨበ አልነበረምና ጭብጨባው ወንዙ ዳር ደርሶ ተመለሰ። ሙሉእመቤት ዶማውን አነሳች።

አልወረደም። ከኋላዋ አንድ እጅ እጀታውን ያዘው።

«ስጪኝ» አሉ ኦቦ ጀቤሳ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረቻቸው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ሲጮህ ነው የዋለው፤ አንድ ጆንያ እንኳ ሰፍተው አልጨረሱም። ሁሉም ይሰማቸዋል። «ስጪኝ፣ የዘርሁን እናት። ቤተሰብ አይቆፍርም።»

ስሙ ተጠራ። ሰዉ በሙሉ ሲተነፍስ ተሰማ። ሙሉእመቤት ዶማውን ለቀቀች። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው፣ በለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ከዋንዛው ግንድ ሥር አስቀመጧት።

«የምን ቤተሰብ?» አለ ጓድ ዓለምብርሃን። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር። «የማን ቤተሰብ ነው? ምንድነው የምትሉት?»

 ወንዙ ይሰማል። ጓድ ዓለምብርሃን ወደ ሽበሺ ዞረ። «ጓድ ሽበሺ፣ አንተ ንገረኝ። የምን ቤተሰብ ነው?»

ሽበሺ እህቱን አያት። ገመዱን ከእጁ ላይ ፈታ፣ ጠቀለለው፣ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። መዶሻውን ከላዩ አኖረ። ሄዶ ከእህቱ ጎን እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ።

«እኔም አልቆፍርም፣ ጓድ» አለ። «አጎቱ ነኝ።»

የጓድ ዓለምብርሃን ፊት ቀላ። የገባው ነገር ገና የለም፤ የገባው በሰው ፊት ትእዛዙ አለመከበሩ ብቻ ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና ከፊት የቆመውን ሰው በጣቱ ጠራ። «አንተ! አዎ፣ አንተ። ዶማ ይዘህ የለ? ና ጀምር!»

የተጠራው ኤርሲዶ ነበር። ሙሉእመቤት ዓይኗን ጨፈነች። ኤርሲዶ ጥቂት ወደፊት ተራመደ፣ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ ተመረኮዘው። ዓይኑን ከመሬት አነሳ።

«ጓድ፣ እኔ እዚህ አንድ ጊዜ ቆፍሬያለሁ» አለ። «ሁለተኛ አልቆፍርም።»

 ጓድ ዓለምብርሃን ሰውየውን አየ፣ የተቀመጡትን ሁለቱን አየ፣ ዶማ የተደገፉትን ሰዎች አየ። ቀጥሎ የቆመበትን አየ። ከዋንዛው በስተምሥራቅ፣ ሥሩ ከመሬት ወጣ ያለበት ጋ ነበር የቆመው። መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ከዚያ ሌላውን አንስቶ ከዚያ ላይ ወረደ። ወርቂቱ መጥታ ከሙሉእመቤት በሌላው ጎን ተቀመጠች፤ ትርፌም ተከተለቻት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«ጉድጓዱ ወንዙ ዳር ይሁን» አለ ጓድ ዓለምብርሃን። የተናገረው ለማንም አልነበረም። ቆየት ብሎ ሥልጣኑ ትዝ ሲለው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጓድ ሽበሺ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ። አንተም» አለ ወደ ኤርሲዶ። የኦቦ ጀቤሳን ስም ጠየቀ፤ እሳቸው ራሳቸው ከነአባታቸው ነገሩት። ከዚያ በሣሩ ላይ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ፤ ጫማው ጭቃ ይዞ ከብዶታል።

ወንዶቹ ዶማቸውን እያነሱ ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። ሙጫውን መሬት መቆፈር ጀመሩ፤ ዶማው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው የሚያስቸግረው። ማንም አላጉረመረመም። ኤርሲዶ ከሁሉ በላይ ይቆፍር ነበር።

ከዋንዛው ሥር ሙሉእመቤት ደረቷ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከሆዷ የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ሽበሺ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ በመዳፉ ሥር ይዞት ነበር። ጓድ ዓለምብርሃን ገና መኪናው ጋ አልደረሰም፤ ጀርባው ይታያል። የሽበሺ ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ላይ ተነሳ፣ እንደ ያን ጊዜው እስከ እህቱ ፊት ድረስ ሄደ፣ እዚያ ቆመ። ሙሉእመቤት እጁን አየችው። ሽበሺም አየው። ቀስ ብሎ አወረደውና ጀርባዋ ላይ አሳረፈው።

«ልቀሺ፣ እቴቴ» አለ።